የጨፌዋ አፍ

ስሚኝማ ማሬ። ይሄን ነገር ለሌላ ሰው ባወራው ወይ ይስቅብኛል ወይ ይመክረኛል። አንቺ ሁለቱንም ስለማታደርጊ ላንቺ ልንገርሽ። ብቻ እንዳታቋርጪኝ፣ እኔ አንዴ ከተቋረጥኩ የት እንደነበርኩ ይጠፋኛል።

የኛን ከተማ አታውቂያትም። ትንሽ ናት፣ ላይ ሰፈር ቆመሽ ብትጣሪ ታች ሰፈር ያለው ሰው «አቤት» ይልሻል። መሀል ላይ ወንዝ አለ። ከወንዙ ማዶ ድሮ የሾላ ደን ነበር። ከታች ሰፈር ከፍ ብሎ፣ መኪና መንገዱ ዳር፣ ጨፌ አለ። ጨፌ ስልሽ ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ፣ ረግረግ ነው። በጋ ሣሩ እስከ ጉልበት፣ ክረምት ውሃው እስከ ጉልበት። ቄጠማ ይበቅልበታል፣ እንቁራሪት ሞልቶታል፣ ያለ ጥንቃቄ ከገባሽ ጫማሽን ያስቀርብሻል። የኛ ቤት ከሱ በታች ነው። የትርንጎ ቤት ደሞ ከኛም በታች፣ በቃ ከዛ በኋላ ቤት የለም። ትርንጎ ጓደኛዬ ናት፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ነው የተቀመጥነው። እናቷ ከጨፌው ቄጠማ እያጨደች በዓል በዓል ትሸጣለች።

ትምህርት የጨረስኩት አምና ነው። ጨረስኩት ይባል ጨረሰኝ እንጃ። ከዛ ቤት ተቀመጥኩ። ሲቀመጡ እንዴት እንደሚደክም አትጠይቂኝ። እናቴ አንድ ቀን መጥረጊያዋን ይዛ ፊቴ ቆመችና «ስሚ አንቺ ልጅ፣ እዚህ ጣራ ከምትቆጥሪ ለምን ሸንጎ አትገቢም?» አለችኝ።

ሸንጎ የሚባለው የአካባቢያችን ተፈጥሮ ጠባቂዎች ማኅበር ነው። ደመወዝ የለውም፣ ሁሉም በራሱ ፈቃድ፣ ወዶ ነው የሚመጣው። ይሄን እወቂልኝ፣ ኋላ የምነግርሽን ስትሰሚ መጥፎ ሰዎች እንዳይመስሉሽ። ሰብሳቢው ጋሽ ድልነሳ መንገድ ላይ የወደቀ ፌስታል ሲያዩ የቤተሰብ መርዶ እንደሰማ ሰው ነው ፊታቸው የሚለዋወጠው። ያነሱትና ያራግፉታል፣ አጣጥፈው ኪሳቸው ይከቱታል። ኪሳቸው ሁሌ እንዳበጠ ነው። ሲሄዱ ኮሽ ኮሽ ይላሉ።

ሸንጎው አንድ ትልቅ ሕግ አለው። ምንም ነገር ሳይጠየቅ አይነካም። ዛፍ ይቆረጥ ከተባለ መጀመሪያ ዛፉ ይጠየቃል። ድንጋይ ይፈለጥ ከተባለ ኮረብታው ይጠየቃል። ነገሮቹ ደሞ አፍ ስለሌላቸው ሸንጎው ለየነገሩ አፍ ይመድባል። የወንዝ አፍ አለ፣ የደን አፍ አለ፣ የኮረብታ አፍ አለ። አፍ የሆነ ሰው ስብሰባ ላይ ከተቀመጠ ስለ ወንዝ አይደለም የሚያወራው፣ ወንዝ ሆኖ ነው የሚያወራው። በስሙም የሚጠራው የለም። «ወንዝ፣ እንዴት ዋሉ?» ነው የሚባለው። «ደን፣ ሻይ ልጨምርልዎ?»

ወንዙ ጋሽ ደርብ ናቸው። ሥራቸው ክር ማቅለም ነው፣ ወንዙ ዳር ትልቅ ቀለም ቤት አላቸው። ቀይ የነከሩ ቀን ወንዙ ቀይ ይሆናል፣ ሰማያዊ የነከሩ ቀን ሰማያዊ። መጀመሪያ የገባሁ ቀን ጋሽ ድልነሳ ወንዙን ሲጠይቁ ሰማሁ።

«ወንዝ ሆይ፣ የከፋዎት ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም። ድሮ አንድ መልክ ብቻ ነበረኝ፣ አሁን በየቀኑ እለብሳለሁ እቀይራለሁ። ዓሣዎቹም ቦታ ለቀውልኝ ሰፍቶኛል።»

ተጨበጨበላቸው። እኔም አጨበጨብኩ። አዲስ ነኛ።

ደኑ ደሞ እትዬ አሰለፈች ናቸው። ደኑ አሁን የለም፣ ነግሬሽ የለ? ድሮ ሸንጎው ችግኝ ጣቢያ ለመሥራት አስቦ ቦታ አጣ። ስለዚህ ደኑ እንዲለቅ ተጠየቀ። እትዬ አሰለፈች ተነስተው «እኔ አርጅቻለሁ፣ ለልጆቼ ለችግኞቹ ልልቀቅ» አሉ፣ አዳራሹ ሁሉ አለቀሰ ይባላል። ሾላዎቹ በሳምንቱ ተቆረጡ። ከዛን ጊዜ ወዲህ እሳቸው «ነበር ወንበር» ላይ ነው የሚቀመጡት። ነገሩ የጠፋበት አፍ የሚቀመጥበት ወንበር እንደዛ ነው የሚባለው፣ ነበር ወንበር። ትራስ አለው፣ መደገፊያ አለው፣ ሻይ መጀመሪያ የሚቀዳው ለዛ ነው። ሥራም የለበት። እኛ ሌሎቻችን ነገራችንን እየሄድን መጎብኘት አለብን፣ ነበር ወንበር ላይ ያለ ሰው ምን ይጎበኛል? ስለዚህ ሁሉም ሰው ትንሽ ትንሽ ያያታል ያቺን ወንበር። ክፋት አይምሰልሽ። ጣውላ ላይ ግማሽ ቀን ሙሉ ስትቀመጪ አንቺም ታያታለሽ።

በሸንጎው ዕድሜ እምቢ ያለ ነገር የለም። የተጠየቀ ሁሉ እሺ ብሏል፣ በዚህም ይኮራሉ። ጋሽ ድልነሳ «የሌላ ከተማ ሰው ይቀማል፣ እኛ እንጠይቃለን» ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

ለኔ የደረሰኝ ጨፌው ነው። ማንም አይፈልገውም ነበር፣ ምክንያቱም የጨፌ አፍ እግሩን ሳይታጠብ ነው የሚገባው፣ ወጉ ነው። ጭቃዬን ይዤ ገብቼ ጥግ ላይ እቀመጣለሁ። «ጨፌ፣ እንዴት ነሽ?» ይሉኛል። «ደህና ነኝ፣ ውሃ ይዣለሁ» እላለሁ። እንደዛ ነው መልሱ።

እኔ ግን ነገሩን የምር ያዝኩት። ሥራ ፈት የያዘውን አይለቅም መሰለኝ። ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ ዳሩ ላይ ቁጭ እላለሁ፣ ምን እንደምትል ለመስማት። ትርንጎ ከእናቷ ጋር ስታጭድ ታየኝና ከሩቅ ትጣራለች።

«ዛሬ ምን አለችሽ?»

«ዝም አለችኝ።»

«እንግዲያው ነይ ዝም ብለሽ እሰሪልን።»

እናቷ ትስቃለች። እኔም ገብቼ አስራለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልን ከረምን።

ከዛ ወሬ መጣ። ከበላይ የተላኩ እንግዶች በየከተማው እያለፉ የትኛው ለምለም እንደሆነ አይተው ሊመርጡ ነው ተባለ። ጋሽ ድልነሳ እንቅልፍ አጡ። እኛ በየዓመቱ ችግኝ የምንተክልበት ኮረብታ አለ፣ ግን ከመንገድ አይታይም። ቢታይም ዛፍ የለበትም። በየዓመቱ የሚደርቀውን እየነቀልን በዛው ጉድጓድ አዲስ ነው የምንተክለው፣ ሌላ ጉድጓድ ሲቆፈር አይቼ አላውቅም። አንዴ ጠይቄ «ይሄኛው ልምድ አለው» ተብያለሁ።

ታዲያ ጋሽ ድልነሳ ቅዳሜ ስብሰባ ላይ ተነስተው ሐሳቡን አመጡት። መኪና መንገዱ ዳር ያለው ጨፌው ነው። እሱ ላይ ባሕር ዛፍ ይተከል። መጀመሪያ ቦይ ተቆፍሮ ውሃው ይወርዳል፣ የተረፈውን ባሕር ዛፉ ይጠጣዋል። እንግዶቹ ሲያልፉ ደን ያያሉ።

እጄን አወጣሁ። «ጨፌ እኮ አሁንም አረንጓዴ ነኝ» አልኩ።

«ነሽ እንጂ» አሉኝ በርኅራኄ። «ግን ተኝተሽ ነው። ከመኪና ውስጥ የሚታየው የቆመ አረንጓዴ ነው።»

በሚቀጥለው ስብሰባ ጨፌዋ በወጉ ትጠየቃለች ተባለና ተበተንን።

ለትርንጎ ስነግራት ልብስ እያሰጣች ነበር። አንዱን ቀሚስ ሁለቴ ጨመቀችው።

«ቦዩ ወዴት ነው የሚወርደው?»

«ወደ ታች።»

«ታች የት?»

«ታች ሰፈር ነዋ።»

«እኛ ቤት አትይም?»

ልክ ናት። ክረምት ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ ሁሉ የሚይዘው ያ ጨፌ ነው። እሱ ይዞትም እንኳን የትርንጎ ቤት ወለል ሐምሌ ላይ ያልባል። አንድ ዓመት ጨፌው ሞልቶ ትንሽ ሲፈስ እናቷ ዱቄቱን አልጋ ላይ፣ ምድጃውን ሳጥን ላይ አውጥታ፣ ራሷ ውሃው ውስጥ ቆማ በጣሳ ስትቀዳ አይቻለሁ። ያ እንግዲህ ትንሽ ሲፈስ ነው። በቦይ ሲለቀቅ ምን እንደሚሆን አንቺ ገምቺው።

እና እምቢ ለማለት ወሰንኩ። ሳምንቱን ሙሉ ንግግር ሳዘጋጅ ሰነበትኩ። መስታወት ፊት ተለማምጃለሁ፣ አልዋሽሽም። ቀኑ ደርሶ ጋሽ ድልነሳ «ጨፌ ሆይ፣ ለከተማሽ ስትዪ ቦታሽን ትለቂያለሽ?» ሲሉ ተነሳሁ።

«እኔ ጨፌ» አልኩ፣ «የክረምቱን ቁጣ በሆዴ የማበርድ፣ የእንቁራሪት እናት፣ የበዓል ምንጣፍ፣ ከዚህ አልሄድም። እምቢ ብያለሁ።»

ሌላም ነበረው፣ ረጅም ነው። ስጨርስ አጨበጨቡልኝ። አፍ ሲናገር ማጨብጨብ ስለለመዱ ነው፣ ያልኩት የገባቸው እጃቸው ካረፈ በኋላ ነው። ከዛ ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

«ጨፌ፣ ቁርስ በልተሻል?» አሉኝ ጋሽ ድልነሳ።

«በልቻለሁ።»

«እኔ እንኳ ወንዝ ሆኜ እምቢ ብዬ አላውቅም» አሉ ጋሽ ደርብ፣ ቅር ብሏቸው።

እምቢ ሲባል ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ አልነበረም። ሻይ ተጠጣ። እንደገና ተጠጣ። በኋላ ጋሽ ድልነሳ ፊታቸው በራ። ተፈጥሮ ለጋስ ናት አሉ። ለጋስ ደሞ እምቢ አይልም። ስለዚህ እምቢ ያለችው ጨፌዋ አይደለችም፣ አፏ ነው። አፍ ከታመመ ምን ይደረጋል? ይቀየራል። ሁሉም ተነፈሰ።

እኔን አልቀጡኝም፣ ይልቅ ሾሙኝ። የንፋስ አፍ አደረጉኝ። ትልቅ ቦታ ነው። ንፋስን ማንም ልቀቅ ብሎ አይጠይቀውም፣ ስለዚህ ምንም መመለስ የለብሽም፣ መስኮት ጋ መቀመጥ ብቻ ነው። እግሬንም ታጥቤ መግባት ጀመርኩ። እናቴ ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ ንፋስ ሆነች» እያለች አወራች። እኔም ደስ አላለኝም ብልሽ ውሸት ነው። ንግግሬ ያምር ነበር እያልኩ ለራሴ እደግመዋለሁ። ጨፌዋ ግን እዛው እንዳለች ናት፣ ጥያቄውም እዛው እንዳለ ነው።

አዲሷ የጨፌ አፍ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ትርንጎ። ጋሽ ድልነሳ ራሳቸው ቤቷ ድረስ ሄደው ነው የጠየቋት። «ጨዋ ልጅ ናት፣ አትናገርም» አሉ። ለእናቷ ደሞ ዛፉ ሲተከል ጠባቂ ትሆናለች፣ ካፖርት ይሰጣታል ተባለ። ቁልፉ የሚያብረቀርቅ ካፖርት፣ አምጥተው አሳይተዋታል። እናቷ ለክታው ነበር። ልክ ሆነላት።

በስብሰባው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ጨፌው ውስጥ አገኘኋት። ማጭዷን ይዛ ጎንበስ ብላለች። ዳሩ ላይ ቆምኩ፣ ጫማዬን ላለማቆሸሽ።

«ምን ልትዪ ነው?» አልኳት።

«ግቢና አውሪ። እዛ ቆመሽ አትጠይቂኝ።»

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ውሃው ይቀዘቅዛል።

«እምቢ በያቸው፣ ትርንጎዬ።»

«አንቺ እምቢ ብለሽ ምን ሆንሽ? ንፋስ ሆንሽ። እኔስ ምን ያረጉኛል፣ ደመና?»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

«ከኔ በኋላ ሌላ አፍ ያመጣሉ» አለች። «ከዛ ሌላ። አንዱ የሆነ ቀን ደክሞት እሺ ይላል። ለዛ ነው የማይቸኩሉት።»

«እና እሺ ልትዪ ነው?»

«እናቴ ያንን ካፖርት ለብሳ እንዴት እንደቆመች አላየሽም። አንገቷን እንዲህ አርጋ። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደዛ ቆማ አይቻት አላውቅም።»

«ሐምሌ ላይ ካፖርቱን ለብሳ ውሃ ልትቀዳ ነዋ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ያልኩት ክፉ እንደሆነ ገባኝ፣ ግን አንዴ ወጥቷል። የታሰረውን ቄጠማ አንስታ ደረቴ ላይ ለጠፈችብኝ።

«ተሸከሚ፣ ንፋስ። እስቲ አንድ ነገር ውሰጂ።»

ቤት ድረስ ተሸክሜላት ሄድኩ። መንገድ ላይ ስለ ሌላ ነገር አወራን፣ ስለ ፀጉር ምናምን። ምን እንደምትል ግን አላወቅኩም። ሌሊቱን ሁሉ ማሬ፣ ጓደኛዬን ነው ወይስ ጨፌዋን የማጣው እያልኩ ነው ያደርኩት። እሺ ካለች እኔ በምን ዓይን አያታለሁ? እምቢ ካለች እናቷስ?

ጠዋት ስንደርስ ደጁ ላይ ችግኝ የጫኑ ጋሪዎች ተሰልፈዋል። ሰው ዶማና አካፋ ይዞ ጥላ ሥር ተቀምጧል። እሺ እንደተባለ ወዲያው ቁፋሮ ሊጀመር ነው። ትርንጎ ጭቃዋን እስከ ጉልበቷ ይዛ ገባችና በኔ አሮጌ ጣውላ ላይ ተቀመጠች፣ አሁን ወደ መስኮቱ አስጠግተውታል፣ ከጎኔ። እናቷ በሩ ላይ ቆማለች። ካፖርቱን አልለበሰችም፣ ክንዷ ላይ አጥፋ ይዛዋለች።

ጋሽ ድልነሳ ተነሱ። «ጨፌ ሆይ፣ ለከተማሽ ስትዪ ቦታሽን ትለቂያለሽ?»

ትርንጎ ጉልበቷ ላይ የደረቀውን ጭቃ በጥፍሯ ፋቀች፣ እየተፈረፈረ ይወርዳል። ጋሽ ደርብ ጎንበስ ብለው «እሺ በይና እንውጣ የኔ ልጅ፣ ፀሐዩ ሳይከር» አሏት በቀስታ። በደግነት ነው ያሉት።

ከዛ ተናገረች። ያለችውን ቆይ እነግርሻለሁ፣ መጀመሪያ ከዛ በኋላ የሆነውን ልጨርስልሽ።

ማንም አላጨበጨበም። አንዳንዱ ሊያጨበጭብ እጁን አንስቶ ነበር፣ የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ፀጉሩን ነካካ። ጋሽ ድልነሳ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቆሙ፣ ፌስታሉ ብቻ ኮሽ ኮሽ ይላል። ከዛ እትዬ አሰለፈች ከትራሳቸው ላይ «እኔም ያኔ...» አሉና ቆም አሉ። ሁላችንም ዞርን። «እኔም ያኔ ልጆቼን የማስተኛው ሾላው ጥላ ሥር ነበር። አሁን ባል ይዘው ሄዱ። መጥተው ሲጠይቁኝ የማሳያቸው ቦታ የለም» አሉ። ማን እንደተናገረ ግራ ገባን። ደን እንዳንል ደን ባል የያዙ ልጆች የሉትም።

ጋሽ ደርብ ሥራ አለብኝ ብለው ወጡ።

ሸንጎው ያን ቀን ሳይወስን ተበተነ፣ እስከዛሬም አልወሰነም። ነገሩ እንዲህ ነው የከበዳቸው። ጨፌዋ ተጠይቃለች፣ ግን አልመለሰችም። ስላልመለሰች አትነካም። አፉን እንዳይቀይሩ ደሞ ትርንጎ አፍ ሆና አልተናገረችም፣ ታማለች ሊሏት አይችሉም። ጋሽ ድልነሳ አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝተውኝ በጣም አዝነው «ልጄ፣ እኛ ሰው መጠየቂያ ሥርዓት የለንም እኮ» አሉኝ። የምራቸውን ነው። አሳዘኑኝ።

እንግዶቹ አለፉ። የመኪናቸው መጋረጃ ተዘግቶ ነበር፣ ፀሐይ ነበረ። እንመረጥ አንመረጥ የሰማነው የለም። ችግኞቹ መጋዘኑ ጀርባ ተቀምጠዋል፣ እኔ ነኝ ውሃ የማጠጣቸው፣ እነሱ ምን አጠፉ? ዶማዎቹ ግድግዳ እንደተደገፉ ናቸው፣ ማንም ወደ ቤቱ አልወሰዳቸውም። ስለዚህ አለቀ ብዬ አልነግርሽም። ክረምቱ ደሞ እየመጣ ነው።

እናቷ ካፖርቱን በዛው ቀን መለሰች። ከትርንጎ ጋር ግን ተኮራርፈው ሰነበቱ። ምግብ ስታቀርብላት ሳህኑን ትንሽ ጠንከር አድርጋ ነበር የምታስቀምጠው። አሁን ደህና ናቸው፣ አብረው ያጭዳሉ። እኔም ስሄድ ገብቼ ነው የማወራት።

ከተማው ውስጥ ግን ትርንጎ እንዲህ አለች፣ እንዲያ አለች ይባላል። ረገመቻቸው የሚል አለ። በእንቁራሪት ድምፅ ጮኸች የሚልም አለ። አልቅሳ ለመነች የሚሉት ላይ ሰፈሮች ናቸው። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፣ ክንዳችን ይነካካ ነበር። ያለችው ይሄ ነው፣ ከራሴ አንድ ቃል አልጨመርኩበትም፦

«ጋሼ፣ እኔ ጨፌ አይደለሁም፣ ትርንጎ ነኝ። ጨፌዋ ምን እንደምትፈልግ አላውቅም፣ አንድ ቀንም አናግራኝ አታውቅም። እናቴ ግን ታናግረኛለች። ክረምት ውሃው ቤታችን ሲገባ እሷ ትቀዳለች፣ እኔ እደፋለሁ። ጨፌን ለምን ትጠይቁኛላችሁ? እኔን ጠይቁኝ። እኔን ከጠየቃችሁኝ አልፈልግም።»